የማዞር ሕመምን በአኩፓንቸር ማከም፦ ከምርመራው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ

ዓለም በዙሪያው ስትሽከረከር ያየ ሰው፣ ያን ስሜት ዳግመኛ ላለማየት የማይሞክረው ነገር የለም። አልጋ ላይ መገላበጥ፣ ቀና ብሎ ከመደርደሪያ ዕቃ ማንሳት፣ ደረጃ መውረድ ያስፈራዋል። ማቅለሽለሹ ምግብ ያስጠላዋል፤ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ደግሞ ከሕመሙ በላይ ያሳቅቀዋል። ብዙዎች ስለ አኩፓንቸር፣ ማለትም በሰውነት ላይ የተመረጡ ነጥቦችን በቀጫጭን መርፌ በመውጋት ስለሚሰጠው ባህላዊ የቻይና ሕክምና የሚያስቡት በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ነው። ሐሳቡን አልቃወምም። በቦታውና በሰዓቱ ሲውል የሚያግዝ ሕክምና ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ማዞሩ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚወጋ መርፌ ጊዜ ያባክናል፤ አንዳንዴም ሕይወት ያሳጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመርፌው አይጀምርም።

ደረጃ 1፦ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወስዱ ምልክቶችን መለየት

አብዛኛው የማዞር ሕመም ከውስጥ ጆሮ ይነሣል፤ ቢያስቸግርም አይገድልም። ጥቂቱ ግን ወደ ትንሹ አንጎል ወይም ወደ አንጎል ግንድ የሚሄድ ደም ሲቋረጥ የሚከሰት ስትሮክ ነው። ከማዞሩ ጋር አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎት፣ አንደበትዎ ከተኮላተፈ፣ ፊትዎ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ምግብ መዋጥ ካቃተዎት፣ ሳይደገፉ መቆምና መራመድ ፈጽሞ ካልቻሉ፣ ከዚህ በፊት የማያውቁት ከባድ የራስ ምታት ወይም የአንገት ሕመም በድንገት ከተነሣ፣ የአኩፓንቸር ቀጠሮውን ትተው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ከፍተኛ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ ማዞርም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ሰዓት ወሳኝ ነው። የረጋ ደምን የሚያሟሟው የስትሮክ መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ሲያቆምም ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው የተሻለ ተስፋ ያለው። «ማዞር ነው፣ ያልፋል» ብሎ መተኛት ይህን ዕድል ያሳልፋል።

ደረጃ 2፦ የራስዎን ማዞር ማወቅ

ማዞር ምልክት ነው፤ ከጀርባው የተለያዩ ሕመሞች አሉ። መጀመሪያ የሚለየው ነገሮች በእርግጥ ይሽከረከራሉ ወይስ ከመቀመጫ ሲነሡ ብቻ ብዥ ይልብዎታል የሚለው ነው። ከመቀመጫ ብድግ ሲሉ ዓይንዎ የሚጨልም ከሆነና ምንም ነገር የማይሽከረከር ከሆነ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ የደም ማነስ፣ የስኳር መጠን መዛባት ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ይህ በደም ምርመራና በግፊት መለኪያ የሚታወቅ ነው።

በእርግጥ የሚሽከረከር ከሆነ ሁለት ጥያቄዎች ብዙ ይነግራሉ፤ ስንት ጊዜ ይቆያል? ምን ያስነሣዋል?

አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ ተነሥቶ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያልፍ ማዞር ከሁሉም በላይ የተለመደው ዓይነት ነው። በውስጥ ጆሮ ውስጥ የስበትን አቅጣጫ የሚለይ ክፍል አለ፤ በላዩ ላይ እጅግ ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ተጣብቀዋል። በዕድሜ፣ በጭንቅላት መመታት ወይም ባልታወቀ ምክንያት ቅንጣቶቹ ተላቅቀው ፈሳሽ ከሞላባቸው ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች ወደ አንዱ ይገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋለኛው። ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፈሳሹን ስለሚያናውጡት አንጎል «እየዞርክ ነው» የሚል የሐሰት መልእክት ይደርሰዋል።

ከ20 ደቂቃ እስከ ብዙ ሰዓታት የሚቆይ፣ ከጆሮ መሞላት፣ ከጭውታና ከመስማት መቀነስ ጋር የሚመጣ ማዞር ወደ ሜኒየር ሕመም ያመለክታል። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሐኪም ፕሮስፐር ሜኒየር ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1861 ማዞር ከውስጥ ጆሮ ሊነሣ እንደሚችል እስኪያሳይ ድረስ፣ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሕመም ሁሉ የአንጎል ጣጣ አድርገው ነበር የሚያዩት። ለቀናት ያለማቋረጥ የሚያዞር፣ ብዙ ጊዜ ከጉንፋን መሰል ሕመም ቀጥሎ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የሚዛን ነርቭ ብግነት (ከውስጥ ጆሮ የሚዛን መልእክት የሚወስደው ነርቭ መቆጣት) ይጠረጠራል። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ከደቂቃዎች እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ ማዞር ሊገጥማቸው ይችላል፤ የራስ ምታቱ አብሮ ላይመጣም ይችላል፤ ብርሃንና ድምፅ መጥላት ግን ብዙ ጊዜ ይከተለዋል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ራስዎን እንዲመረምሩ አይደለም። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ወይም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ በእነዚህ ቃላት የሚናገር ታካሚ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። «ያዞረኛል» ብቻ የሚል ሰው ግን የማዞር ማስታገሻ ተጽፎለት ሊሸኝ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ቅንጣቱ ተላቅቆ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ቦታው ይመለስ

እዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው። የአኩፓንቸር መርፌ በቱቦ ውስጥ የገባን ቅንጣት አያወጣም። የሚያወጣው በቅደም ተከተል የሚደረግ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ነው። ከሁሉ የታወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ዘዴ ሲሆን፣ ከታካሚዎች አብዛኞቹ ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ ተደርጎላቸው ይሻላቸዋል። መድኃኒት አያስፈልገውም፤ የሚወስደው ጊዜም ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህን ያህል ቀላል ሕክምና እያለ ሰው ለወራት በመርፌ ሲመላለስ ማየት ያሳዝነኛል።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ዲክስ ሆልፓይክ በሚባል ምርመራ የትኛው ጆሮ እንደሆነ ያረጋግጣል። ታካሚውን ጭንቅላቱን አዙሮ በፍጥነት ያስተኛውና ዓይኖቹ ያለ ፈቃዳቸው ሲርገበገቡ ይመለከታል። የታመመው ቀኝ ጆሮ ነው እንበል። ታካሚው አልጋ ላይ ተቀምጦ ፊቱን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ባለሙያው እንደዚያው ይዞት በጀርባው ያስተኛዋል፣ ጭንቅላቱም ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ይላል። ማዞሩ እስኪቆም፣ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። ቀጥሎ ፊቱ 90 ዲግሪ ወደ ግራ ይዞራል፤ እንደገና ይጠበቃል። ከዚያ መላ አካሉን ወደ ግራ ጎኑ ገልብጦ ወለሉን ወደሚያይበት አቅጣጫ ይዞራል፤ ይጠበቃል። በመጨረሻ በጎኑ በኩል ቀስ ብሎ ተነሥቶ ይቀመጣል። ለግራ ጆሮ ሁሉም በተቃራኒው ነው። የአንገት አጥንት ችግር ወይም የአንገት ደም ሥር መጥበብ ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ሊሞክረው አይገባም። ለሌላውም የመጀመሪያው ጊዜ በባለሙያ እጅ ቢሆን ይሻላል፤ ጆሮው ከተሳሳተ ልፋቱ ከንቱ ነውና።

ደረጃ 4፦ ከመርፌው ምን መጠበቅ እንዳለብዎ መወሰን

ባህላዊው የቻይና ሕክምና ማዞርን የሚያስረዳው በራሱ መንገድ ነው። በጉበት መሥመር (ኃይል ይፈስበታል በሚባለው የሰውነት መንገድ) ላይ የተነሣ «ነፋስ»፣ የተከማቸ አክታ፣ የኃይልና የደም መድከም፣ የኩላሊት መዳከም ይላል። ባለሙያው ምላስዎን አይቶ፣ የደም ምትዎን በሁለቱም አንጓዎች ዳስሶ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ይወስናል። ይህ ገለጻ የነርቭና የጆሮ ሐኪሙ ከሚለው ጋር አይገጥምም፤ እንዲገጥምም መጠበቅ የለብዎትም። የባለሙያው ገለጻ የሐኪሙን ምርመራ እስካልተካ ድረስ ጉዳት የለውም።

ታዲያ ምን የተረጋገጠ ነገር አለ? ጠንካራው ማስረጃ ያለው በማቅለሽለሽ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ፣ አኩፓንቸር ከቀዶ ሕክምናና ከካንሰር መድኃኒት በኋላ የሚመጣ ማቅለሽለሽን እንደሚቀንስ ተቀብሏል። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ፣ በክንድ ላይ ያለችውን ኔይጓን የተባለች ነጥብ የሚመለከቱ 59 ጥናቶችን መርምሮ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ እንደምትረዳ ደምድሟል። በማዞር ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን ትንንሽና አጫጭር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በታይዋን በአንድ ድንገተኛ ክፍል በ60 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ መርፌ የተደረገላቸው ሰዎች ማዞር የማስመሰያ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ይልቅ ቶሎ መቀነሱን አሳይቷል። ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሕመሙን ሥር ይነቅላል ለማለት አያደርስም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አኩፓንቸር በማዞር ሕመም ውስጥ ዋናው ጥቅሙ ማቅለሽለሹን፣ የማጅራት መወጠሩንና ፍርሃቱን ማላላት ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። የተረበሸ የሚዛን ሥርዓት ራሱን የሚያድሰው በእንቅስቃሴ ነው፤ ማቅለሽለሽና ፍርሃት የያዘው ሰው ግን አንገቱን እንደ ብርጭቆ ጠብቆ ይቀመጣል። መርፌው ሰውየውን ከአልጋ አስነሥቶ ወደ እንቅስቃሴ ከመለሰው ሥራውን ሠርቷል።

ደረጃ 5፦ ማስታወሻ መያዝና ባለሙያ መምረጥ

ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። ማዞሩ የተነሣበት ሰዓት፣ ምን እያደረጉ እንደነበር፣ የቆየበት ጊዜ፣ ከ0 እስከ 10 ክብደቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ የጆሮዎ ሁኔታ፣ የእንቅልፍዎ መጠን። ብዙ የማዞር ሕመሞች ያለ ሕክምናም በጊዜ ይቀልላሉ። ያለ ማስታወሻ መርፌው ይርዳ ወይም ጊዜው ይርዳ መለየት አይቻልም፤ በማስታወሻም ቢሆን ከባድ ነው፤ ቢያንስ ግን ራስዎን አያታልሉም።

ባለሙያው በሚሠራበት አገር ሕግ ፈቃድ ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሆኖ አኩፓንቸርን በተጨማሪ የተማረ ሰው ከተገኘ፣ ለዚህ ሕመም እርሱን እመርጣለሁ፤ አደገኛውን ማዞር ሲያይ የመጠርጠር ዕድሉ ይበልጣልና። በስልክ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «የማዞር ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» ስለ ሐኪም ምርመራ፣ ስለ መስማት፣ ስለ አደጋ ምልክቶች ከጠየቀ ጥሩ ነው። በአሥር ቀን ፈጽሞ አድንዎታለሁ ካለ፣ ወይም የሚወስዱትን መድኃኒት እንዲያቆሙ ካዘዘ፣ ሌላ ይፈልጉ።

መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ የታሸገና በፊትዎ የሚከፈት መሆን አለበት። በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ተመላልሶ የሚያገለግል መርፌ የጉበት ቫይረስንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ደረጃ 6፦ የቀጠሮው ቀን

ባዶ ሆድ አይሂዱ፤ ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምግብ ይብሉ። መኪና አይንዱ፤ የሚያደርስና የሚመልስዎ ሰው ይኑር። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዙ። በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ በደረትዎ ካለ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የበሽታ መከላከል አቅም መድከም ካለብዎ ከመተኛትዎ በፊት ይናገሩ። መርፌውን ከኤሌክትሪክ ጋር የማያያዝ ዘዴ ለባለ ልብ መሣሪያ አይሆንም፤ በእርግዝና ጊዜም የማይነኩ ነጥቦች አሉ።

በጣም የሚዘነጋው ነገር አተኛኘት ነው። ማዞር የሚነሣብዎ በጀርባ ሲተኙ ወይም አንገት ሲያዞሩ ከሆነ ጠፍጣፋ አልጋ ላይ ያለ ትራስ መተኛት፣ በሆድ ተኝቶም ፊትን ወደ ጎን ማዞር ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ጀርባዎ ከፍ ብሎ፣ አንገትዎ በትራስ ተደግፎ እንዲተኙ ይጠይቁ። ሲተኙም ሲነሡም ቀስ ብለው በጎን በኩል ይሁን።

ደረጃ 7፦ መርፌው ሲገባ

መርፌዎቹ ከክትባት መርፌ እጅግ ይቀጥናሉ፤ ውፍረታቸው ብዙ ጊዜ ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀዳዳም የላቸውም። ሲገቡ እንደ ትንኝ ንክሻ ይሰማል፤ ቀጥሎ መክበድ፣ መደንዘዝ ወይም ደብዛዛ ሕመም ይመጣል፤ ባለሙያዎቹ የሚፈልጉት ይህን ነው። ስለታም፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚፈነጥቅ ሕመም ከተሰማዎት ግን ዝም አይበሉ፤ መርፌው ነርቭ ነክቶ ይሆናል፤ ወዲያው ይወጣ።

ለማዞር ተደጋግመው የሚመረጡ ነጥቦች አሉ። ኔይጓን ከእጅ አንጓ መታጠፊያ ሦስት ጣት ያህል ወደ ክርን ወጣ ብላ፣ በክንድ ውስጠኛ ገጽ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ትገኛለች። ዙሳንሊ ከጉልበት ሎሚ በታች አራት ጣት ወርዳ፣ ከአገዳው አጥንት አንድ ጣት ወደ ውጭ ናት። ባይሁዪ የራስ አናት ላይ፣ ታይቾንግ በእግር ጀርባ በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት አጥንቶች መካከል፣ ዪፌንግ ጉትቻ ከሚንጠለጠልበት ለስላሳ የጆሮ ሥጋ ጀርባ ናቸው። ፌንግቺ ደግሞ ከራስ ቅል ሥር፣ በማጅራት ግራና ቀኝ ባሉት ስርጉዶች ውስጥ ናት፤ አንገቱ ለተወጠረ ሰው እፎይታዋ ብዙ ነው፤ ጥንቃቄ የምትሻውም እርሷ ናት። በአቅራቢያዋ ወደ አንጎል የሚወጣ የደም ሥር አለ፤ ከእርሷ ወደ ውስጥ በጥልቀት የአንጎል ግንድ አለ። መርፌው በጥልቀትና ወደ ላይ ከተመራ አደገኛ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ራሱን ወይም ቤተሰቡን በመርፌ ሊወጋ አይገባም፤ ነጥቦቹን የዘረዘርኩት የሚደረግልዎትን እንዲያውቁ ነው።

መርፌዎቹ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ፊትዎ ከቀዘቀዘ፣ ላብ ካጠመቀዎት፣ ዓይንዎ ከጨለመና ልብዎ ከራደ፣ ይህ የለመዱት ማዞር ሳይሆን ከመርፌ የሚመጣ ራስን የመሳት ምልክት ነው። ባለሙያውን ይጥሩ፤ መርፌዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ ጠፍጣፋ ተኝተው እግርዎ ከፍ ይደረጋል፤ በደቂቃዎች ይመለሳሉ። ብቻዎን የሚተዉ ከሆነ መጥሪያ በእጅዎ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ ከሕክምናው በኋላ

ከመነሣትዎ በፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ይቀመጡ። ትንሽ ሰማያዊ ምልክት፣ ጠብታ ደም፣ ድካምና እንቅልፍ የተለመዱ ናቸው። የትከሻ ወይም የደረት አካባቢ ከተወጉ በኋላ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከመጣ፣ በቀጣዩ ቀንም ቢሆን፣ ሳንባ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ብዙ ባለሙያዎች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይቀጥራሉ። እኔ የምመክረው ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ሞክሮ ማስታወሻውን ማየት ነው። የማቅለሽለሹ ክብደት፣ ከአልጋ የሚነሡበት ድፍረት፣ የእንቅልፍዎ ጥራት ካልተለወጡ ያቁሙ። ለባለሙያው ይሉኝታ አይያዝዎ። ሜኒየር ያለበት ሰው ሐኪሙ ያዘዘለትን ሕክምና ሳያቋርጥ ጎን ለጎን ይቀጥል፤ የመስማት ምርመራውንም አይተው፤ ማዞሩ ቢቀልለትም መስማቱ ሊቀንስ ይችላልና።

በቤትዎ ኔይጓንን በአውራ ጣት መጫን ይችላሉ። ማቅለሽለሹ ሲጀምር በእያንዳንዱ እጅ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ፣ ጠንከር አድርገው፣ ሳያቆስሉ። በጉዞ ላይ ለሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች የሚሸጠው የእጅ አንጓ ማሰሪያም የሚጫነው ይህንኑ ነጥብ ነው።

ደረጃ 9፦ በተገኘው እፎይታ መንቀሳቀስ

የሚዛን ነርቭ ብግነት ለደረሰበት ወይም ማዞሩ ካለፈ በኋላ መንገዳገድ ለቀረበት ሰው፣ ከሁሉ የተረጋገጠው እርዳታ የሚዛን መልሶ ማቋቋሚያ እንቅስቃሴ ነው። ቴሬንስ ካውቶርን እና ኤፍ. ኤስ. ኩክሲ የተባሉ ብሪታንያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ጭንቅላታቸውን ለተመቱ ወታደሮች ያዘጋጁት የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል እስከ ዛሬ መሠረቱ ነው። የማዞር ማስታገሻ ክኒኖችን ከጥቂት ቀናት በላይ መውሰድ አንጎል ራሱን እንዳያስተካክል ያዘገያል፤ መርፌ የሚመርጡበት አንዱ ምክንያትም ይህ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ቀላል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አውራ ጣትዎን በዓይንዎ ትይዩ ክንድዎን ዘርግተው ይያዙ። ዓይንዎን ከጥፍሩ ሳያነሡ ጭንቅላትዎን ወደ ግራና ቀኝ ያዙሩ፤ ጥፍሩ ብዥ ሳይልብዎ በሚቻልዎ ፍጥነት፣ እስከ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች። በቀን ሦስት ጊዜ። በሳምንቱ ሲቀልልዎ ቆመው፣ ቀጥሎም እግሮችዎን ገጥመው በግድግዳ ማዕዘን ውስጥ ይሞክሩት፤ ከፊት ለፊትዎ ወንበር ይኑር። ትንሽ ማዞር ይነሣል፤ መነሣትም አለበት፤ አንጎል የሚማረው ከዚያ ነው። ካቆሙ በኋላ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልቀነሰ ግን ፍጥነቱን ይቀንሱ። የሜኒየር ዙር በተነሣ ሰዓት አይሠራም፤ ይተኙ፣ ካለፈም በኋላ ይመለሱበት።

የመርፌ ቀጠሮዎን ከእንቅስቃሴው ጋር ያዛምዱት። ብዙ ሰው በመርፌው ማግስት ማቅለሽለሹ ይቀልለዋል፤ አዲስ የእንቅስቃሴ ደረጃ የሚጀመረው በዚያ ቀን ይሁን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩትም የሚደግፍዎ ሰው በአጠገብዎ ይቁም።